ሰጠኝ በልኩ

አመለወርቅ ሰውን የምትለየው በግንባሯ ነው። ሰርግ ቤት፣ ዳስ ውስጥ፣ ባሏ ማሩ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ፣ እሷ እጇን ወገቧ ላይ ጥላ ግጥሙን ስታወርድ፣ የሞቀው ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ ብር ግንባሯ ላይ ይለጥፋል፤ ላቧ ይይዘዋል። ስንት እንደሆነ ለማወቅ ማየት አያስፈልጋትም፤ የሰውየው አመጣጥ ይነግራታል። አሥር ብር የያዘው ከሩቅ ጀምሮ እጁን ሰቅሎ፣ ትከሻውን እየሰበቀ፣ ሴቱም ወንዱም እንዲያየው ዳሱን አንድ ዙር ዞሮ ነው የሚደርሰው። መቶ ብር የያዘው ግን ሚስቱ የት እንደተቀመጠች በዓይኑ እየፈለገ፣ ፈራ ተባ እያለ ይመጣል። ብሩን አጣጥፎ አጣጥፎ የጥፍር ያህል የሚያደርገውም አለ፤ እሱ ዘመድ አዝማዱ "ስንት ሰጥቷት ይሆን?" ሲል እንዲከርምለት የሚፈልግ ነው። አንዱማ ሃምሳ ብር ለጥፎ "ሠላሳውን መልሽልኝ" ብሏታል። መለሰችለት። ከመለሰችለት በኋላ ግን ከጋሳይ እስከ ንፋስ መውጫ እስኪሰማ ዘፈነችበት።

ሁሉንም ትንቃቸው ነበር፤ የሚሰጠውንም የሚነፍገውንም።

የተወለደችው እስቴ፣ አባቷም አያቷም አዝማሪ ከሆኑበት መንደር ነው። በዚያ አገር ዜማ ሁለት ነው። የጋይንቷ ቤተ ልሔም መሪጌታ ድጓ ሲያዜም ሰው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ቆሞ ይሰማዋል። አዝማሪ ሲያዜም ደግሞ እስኪደክመው ይጨፍርና፣ ሲያበቃ "ወግድ፣ አዝማሪ!" ይለዋል። በሰርጉ ላይ ጉሮሮው እስኪነቃ ሲያቅራራ ያመሸ ገበሬ፣ ልጁ በማግስቱ "የአዝማሪ ልጅ ላግባ" ቢለው ጠመንጃ አንሥቶ ይነሣበታል። አመለወርቅ ንቀትን ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው። ስታድግ ደግሞ ለባለቤቶቹ መመለስ ጀመረች።

ማሩን አግብታ ንፋስ መውጫ ገባች። ማሩ ማሲንቆ ላይ አቻ የሌለው፣ ከማሲንቆው ወዲያ ግን የዋህ ነው። ጥሩ ካፖርት የለበሰ ሰው "ማሩ" ብሎ በስሙ የጠራው እንደሆነ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራው ይሰነብታል። ግጥሙ፣ ዋጋ መቁረጡ፣ ነገረኛውን ሰካራም ዝም ማሰኘቱ የእሷ ነው።

በተለይ የምትታወቀው ሰው ሰድባ፣ የተሰደበው ሰው ራሱ ብር እንዲለጥፍ በማድረግ ነበር። እህል ነጋዴው አቶ አድማሱ በወንድማቸው ሰርግ ላይ ዳሱን በደረታቸው ሞልተውት ተቀምጠው ሳለ እንዲህ አለቻቸው፦

የአድማሱ ደጅማ ሰው አይጠፋበትም፣
ገቢ ብቻ እንጂ ወጪ የለበትም።

አቶ አድማሱ ቤታቸው በእንግዳ የተሞላ፣ የገባ ሁሉ ደስ ብሎት የማይወጣበት መባሉ መሰላቸውና ተነሥተው ለጠፉላት። ገበሬዎቹ ግን ሰውየው ሲሰበስብ እንጂ ሲያወጣ ታይቶ እንደማይታወቅ ያውቁ ስለነበር፣ ጠላቸውን ሳይውጡ በአፋቸው እንደያዙ ተያዩ። አመለወርቅ የምትኖረው ለዚህ ነበር። ብሩ እህል ይሸምታል፤ ይህ ግን ነፍሷን ይመግባታል።

ስልክ ዳሱ ውስጥ የገባ ጊዜ መጀመሪያ ስቃለች። አንድ ጠጉሩን የተቆረጠ ጎረምሳ ባዶ እጁን መጣና ስልኩን ፊቷ ላይ ደቅኖ "ልኬያለሁ!" አላት።

"ምን ላክህ?" አለችው፣ ማሲንቆው ሳይቋረጥ።

"ብር ነዋ!"

"ለማን?"

"ለማሩ። በስልክ።"

የማሩ ስልክ የቁልፍ ስልክ ነው፤ ያውም ባትሪው ካለቀ ሰንብቷል፤ ብር መቀበያ የሚባል ነገርም አልከፈተበትም። ጎረምሳው ግን ጓደኞቹ እያጨበጨቡለት ወደ መቀመጫው ተመለሰ። ያን ቀን ሌሎችም ተከተሉት። ሁሉም ላኪ ሆነ። ዳሱ ሲፈርስ አመለወርቅ ግንባሯን በመሀረብ ስትጠርግ መሀረቡ ላይ የቀረው ላብ ብቻ ነበር።

የከነከናት የብሩ መቅረት ብቻ አይደለም። አዝማሪ ጾሙንም ሊያድር ይችላል፤ ለምዶታል። የከነከናት ነገሩ ንፉጉን ማዳኑ ነው። ድሮ ንፉግ ሰው ዳስ ሲገባ ማዕዘን ይፈልግ ነበር፤ አዝማሪዋ ስትመጣ የጫማውን ክር ያስር፣ ውሃ ሽንት ይመጣበት ነበር። አሁን ንፉጉ መሀል ዳስ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን እንደ አውራ ዶሮ ሰቅሎ፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ "ልኬያለሁ!" ይላል። አንድ ብር ይላክ፣ ሺህ ብር ይላክ፣ ጨርሶም አይላክ፣ ማን አይቶት!

በዚህ መሀል ነው አንተነህ የመጣው።

አንተነህ የስማዳ ልጅ ነው፤ ከወገዳ ወዲያ ካለ ቀበሌ ነው የተወለደው። ከተማ ገብቶ ተምሮ፣ ገንዘብ በስልክ የሚያዘዋውር አንድ ድርጅት የጋይንትና የስማዳ አሠልጣኝ አድርጎ መለሰው። ሲመለስ የአገሩን ብርድ የረሳ ይመስል በቀጭን ቲሸርት ነው የመጣው፤ ደረቱ ላይ የድርጅቱ ምልክት አለ፤ ምልክቱን ጃኬት እንዳይሸፍንበት ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ለሹማምንት "እርስዎ" ይላል፣ ከወገቡም ሰበር ይላል። ለቀረው ሕዝብ "አንተ"፣ "አንቺ" ነው። አመለወርቅ ይህንን ባየችው በመጀመሪያው ቀን ልብ ብላዋለች።

የከተማውን ነጋዴና ባለሙያ አዳራሽ ሰብስቦ ንግግር አደረገ። ማሩ ለስላሳ ይታደላል ሲሉ ሰምቶ አመለወርቅን ጎትቷት መጣ። አንተነህ ከፊት ቆሞ፣ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበራ፣ "የዲጂታል ኢኮኖሚ ትራንስፎርሜሽን" አለ። ደገመው። አዳራሹ አጨበጨበ። አመለወርቅ አጨብጫቢዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ አዝማሪ ቢሆኑ ኖሮ በዚህ ዓይነት ጭብጨባ ማንም ሳንቲም አይሰጣቸውም ነበር።

"ይኼ ገና ጅምሩ ነው" አለ አንተነህ። "የዓለም ማዕከላዊ ባንኮች ገንዘባቸውን ራሱን ዲጂታል እያደረጉት ነው። ስልክ ላይ የሚላከው የወረቀቱ ብር ጥላ አይሆንም፤ እሱ ራሱ ብር ይሆናል። አንድ ቀን እኛም አገር ይመጣል። ያኔ ወረቀት የሚባል ነገር ሙዚየም ነው የምናየው!"

አንዲት ጨው ነጋዴ እጇን አውጥታ "ስልኩ ውሃ ውስጥ የገባ እንደሆነ ብሩስ?" ብላ ጠየቀች። አንተነህ ሳቀባት። "እሱን አታስቢው፣ ብሩ ያለው ሲስተም ላይ ነው" አላት። ሴትዮዋ ሲስተም የት ያለ አገር እንደሆነ ለመጠየቅ አፍራ ተቀመጠች።

አመለወርቅ ከኋላ ሆና ተነሣች። "ጌታዬ" አለች፤ አዝማሪ "ጌታዬ" ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ "ወረቀቱ ሙዚየም ከገባ፣ እኛ ግንባራችንን ይዘን የት እንግባ?"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንተነህም ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ዓይኑ ማሩ ጭን ላይ ያለውን ማሲንቆ ሲመዝን አየችው።

ስብሰባው ሲያልቅ መጣ። ወገዳ ላይ በገበያ ቀን "ወረቀት አልባ ገበያ" የሚባል ነገር እንደሚመረቅ፣ ከዞን እንግዶች እንደሚመጡ፣ አዝማሪ እንደሚያስፈልገው ነገራቸው። "ማሲንቆው ላይ ኮድ እንለጥፋለን። ሰው በስልኩ ያነሣዋል፤ ሽልማቱ ቀጥታ ይገባላችኋል። በአገሪቱ የመጀመሪያው ዲጂታል አዝማሪ ነው የምትሆነው፣ ማሩ!"

ማሩ በስሙ ተጠራ። ከዚያ በኋላ አመለወርቅ የተናገረችውን ሁሉ ነፋስ ነው የወሰደው። የድርጅቱን ኮፍያ አጠለቁለት፤ ቤት ሲገባም አላወለቀውም።

በማግስቱ ከአንተነህ ጋር ወደ ፋሲካ ሱቅ ሄዱ። ፋሲካ ስልክ የምትሸጥ፣ ለሰውም ገንዘብ መቀበያ የምትከፍት የሠፈራቸው ልጅ ናት። መቀበያው በማሩ ስም እንዲከፈት አሻራ ተጠየቀ። ማሩ የሁለት እጁን ጣቶች ማንሻው ላይ አሳረፈ፤ ማሽኑ የግራውን አልተቀበለውም። ጠረገ፣ በአፉ አሞቀ፣ ደገመ። ዕድሜውን ሙሉ በጭራ ሲፋቁ የኖሩ የግራ እጁ ጣቶች እንደ ቀንድ ጠንክረው ለስልሰዋል። የአመለወርቅ መታወቂያ ደግሞ እስቴ የወጣ አሮጌ ነበርና አዲሱን እስክታወጣ መጠበቅ ግድ ሆነ።

"ምንም አይደል" አለ አንተነህ። "ምረቃው እንዳያልፈን ለጊዜው በእኔ በኩል ይግባ። እኔ አወጣላችኋለሁ።"

አመለወርቅ ወደ ማሩ ዞራ አዝማሪ ብቻ በሚሰማው ቋንቋቸው "ይህ ልጅ ዓይነ ውሃው አላማረኝም" አለችው። ማሩ በዚያው ቋንቋ "የተማረ ሰው ነው፣ ተይ እንጂ" አላት። እሷም መማር ሌብነትን የሚከለክል ቢሆን ኖሮ አገሩ እንዲህ ባልሆነ ነበር አለችው። ፋሲካ ምን እንደተባባሉ ባይገባትም ከአነጋገሯ ነገሩን ጠርጥራ አንገቷን ደፋች።

ኮዱን በማስቲሽ የማሲንቆው ቆዳ ላይ ለጠፉት፤ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የተዝረከረከበት ወረቀት ነው። ማሩ ሲገዘግዘው ማሲንቆው ጉንፋን እንደያዘው ሰው በአፍንጫው ተናገረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማሩም ደነገጠ። አንተነህ ግን "ድምፁ ምንም አይልም፣ ዋናው ኮዱ ነው" አለ።

ወገዳ የደረሱት አንጀታቸው በመንገዱ ተናግቶ፣ አቧራ ለብሰው ነው። ገበያው ዳር ድንኳን ተተክሏል፤ ወንበሩ ለእንግዶች፣ ፀሐዩ ለገበሬው ተከፋፍሏል። ሹማምንቱ ተራ በተራ ተናገሩ። አመለወርቅ የተባለችውን ዘፈነች፤ "ስልክ ሆነ ከረጢት" እያለች፣ አንተነህ የጻፈላትን፣ ቤት የማይመታውን ግጥም ሁሉ። አፏን ታጥባ ብትተፋው ደስ ይላት ነበር።

ከዚያ ሽልማቱ ተጀመረ። ከዞን የመጡት ሰውዬ መጀመሪያ ተነሡ። ሐኪም የታማሚ ደረት እንደሚያዳምጥ ማሲንቆው ላይ ጎንበስ ብለው ስልካቸውን አስጠጉ፣ አራቁ፣ እንደገና አስጠጉ። ማሩ እንዳያንቀሳቅሰው ተባለና መግዘገዙን አቆመ። አመለወርቅ ያለ ማሲንቆ እጇን አጣጥፋ ቆመች። "ልኬያለሁ!" አሉ ሰውዬው። ተጨበጨበ፤ ካሜራ አነሣ። ሁለተኛው ተነሣ፤ "ልኬያለሁ!" ሌላውም "ልኬያለሁ!" አለ። ሰልፉ እንደ ማር ስልቻ ተጎተተ። እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ጨዋታ በሕይወቷ አይታ አታውቅም፤ ለቅሶ ቤት እንኳን ከዚህ ይሞቃል።

ገብስ ይዘው የመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከዳር ቆመው ሲያዩ ቆይተው አላስቻላቸውም። ከወገባቸው የተጨማደደ ብር አውጥተው፣ በዱላቸው ምት እየጠበቁ፣ አንድ ሁለት እስክስታ ወርደው ወደ አመለወርቅ መጡ። እጃቸው ግንባሯ ጋ ሊደርስ ሲል አንተነህ ሮጦ ያዘው።

"አባቴ፣ ዛሬ ወረቀት የለም! ዛሬ ዲጂታል ነው!"

ሽማግሌው እጃቸውን አዩ፣ ብራቸውን አዩ፣ ልጁን አዩ። "ምነው፣ ብሬ ተቃጠለ?" አሉ። ሹማምንቱ ሳቁ። ሰውዬው ሰው መሀል እንደተራቆቱ ሁሉ ብሩን ወደ ወገባቸው መልሰው፣ ጨዋታውን ጥለው ወደ ገብሳቸው ሄዱ። አመለወርቅ ይህን ቀን ካስታወሰችው የምታስታውሰው በዚህ ነው። ሌላው ሁሉ ልማዱ ነው፤ ሹም ይዋሻል፣ የተማረ ይመጻደቃል። ከልቡ ሊሸልም የወጣ ሰው እጅ መያዝ ግን ከአዝማሪ አፍ እንጀራ መንጠቅ ብቻ ሳይሆን ከሽማግሌውም ሰውነታቸውን መንጠቅ ነው አለች።

ወደ ንፋስ መውጫ ተመለሱ። ብሩ አልመጣም።

አንተነህ መጀመሪያ "ነገ" አለ። ቀጥሎ "ኔትወርክ" አለ። ቀጥሎ "ሂደት ላይ ነው" አለ። አመለወርቅ "ሂደት" ከሚለው ቃል ጋር የሚቀራረብ ከዚያ በፊት የምታውቀው የታቦትን ዑደት ብቻ ነበር፤ ታቦት እንኳ ሲወጣ ሲመለስ ይታያል። ቢሮው ሄደች፤ ስብሰባ ነው ተባለች። በመስኮቱ ስታይ ስልኩን እየነካካ ተቀምጧል። የሰርጉ ወራት እያለቀ ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ለአዝማሪ ምድር ትዘጋለች፤ እስከ ትንሣኤ ዘፈን የለም፣ የሚበላው ቀድሞ ያጠራቀመውን ነው። የዚያ ዓመት ጥሪታቸው አንተነህ ኪስ ውስጥ ሂደት ላይ ነበር። ማሩ ማስቲሹን በሞቀ ውሃ ሲያላቅቅ ቆዳው ተቀደደና ሌላ ፍየል ቆዳ ፈልጎ ወጠረ። ኮፍያውን ግን አልጣለም።

የቅበላ ሳምንት አንተነህ ራሱ ቤታቸው መጣ። የመጣው ብር ይዞ ሳይሆን ስልኩን የሚያቆምበት ባለ ሦስት እግር ብረት ይዞ ነው።

"የስኬት ታሪክሽን ልቀርጽ ነው" አላት። "በዲጂታል የተለወጠች ሴት። አለቆቼ ጠብቀውኛል። ይኼ ሪፖርት ካለፈ የእናንተም ብር አብሮ ይለቀቃል።"

ማሩ ወንበር ፍለጋ ተነሣ። አመለወርቅ አንተነህን ከጫማው ጀምራ እስከ ራሱ አየችው። ሰው ሰርቆ ይመጣል፤ ሰርቆ ሲያበቃ "አመስግኚኝ" ብሎ የሚመጣ ግን አላጋጠማትም። ንዴቷ አለፈና በቦታው ሌላ ነገር መጣ፤ ጥሩ ግጥም ሊመጣላት ሲል የሚሰማት ዓይነት ቅዝቃዜ።

"እሺ፣ ጌታዬ" አለች። "ማሩ፣ ማሲንቆህን አምጣው።"

ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። አንተነህ ስልኩን አቁሞ "የሰጠሁሽን ጥቅም በግጥም ንገሪልኝ" አለ። ማሩ ገዘገዘ። እሷም በሚያምር ድምፅ፣ ፈገግ ብላ፣ ካሜራውን እያየች አወረደችው፦

ምን ሰጠሽ ቢሉኝ ያ ባለ ስልኩ፣
ምን አጎደለ! ሰጠኝ በልኩ።

"ውይ!" አለ አንተነህ። "ሰጠኝ በልኩ! በጣም ቆንጆ። ድገሚው!"

ደገመችለት። ሦስተኛም አለችለት። ማሩ ገብቶት ኖሮ ሳቁን ለመዋጥ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ አወረደው። አንተነህ ልክ የሆነ፣ እንደ ማዕረጉ የሰጠ መባሉ መስሎት ቪዲዮውን ያንኑ ቀን በድርጅቱ ገጽ ላይ፣ በራሱም ገጽ ላይ ለቀቀው። ከሥሩ የአበባ ምልክት ደረደረበት።

ወገዳ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወሬው ደርሶት አዝማሪዎቹ ምን እንደደረሳቸው ያውቅ ነበር። ምንም። ባዶ። አሁን አዝማሪዋ "በልኩ ሰጠኝ" ስትል የሰውየው ልክ ምን ያህል እንደሆነ ለማስላት ትምህርት ቤት መግባት አያሻም። ቪዲዮው ከንፋስ መውጫ ወገዳ፣ ከወገዳ እስቴ ዞረ። ባጃጅ ነጂዎች ከፍተው ይሰሙት ጀመር። ልጆች አንተነህን ሲያዩ "በልኩ መጣ!" ይላሉ። ሥልጠና ሊሰጥ አዳራሽ ቆሞ "ትራንስፎርሜሽን" ሲል ከኋላ አንዱ "በልኩ አድርገው!" ብሎ ጮኸና ስብሰባው ፈረሰ። ሹማምንቱም ሳቁ፤ ወገዳ ላይ ስንት እንደላኩ የሚያውቁት ራሳቸው ናቸውና የሳቁት ቀስ ብለው ነው። አለቆቹ ግን ሩቅ ስለነበሩ ቪዲዮውን "ምርጥ ተሞክሮ" ብለው አወደሱት አሉ።

ሁዳዴ ከገባ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ አንተነህ ጃኬት ለብሶ መጣ። ምልክቱ አይታይም። ከኪሱ ወረቀት ብር አውጥቶ መደቡ ላይ አስቀመጠ።

"ሁሉም ነው" አላት። "ይቅርታ። ተጠቅሜበት ነበር። ደሞዝ ከከፈሉኝ ቆይቷል፤ የቤት ኪራይ መጣብኝ።"

"የሚከፍሉህ በምንድን ነው?" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ "ጌታዬ" ቀርቷል።

"በስልክ ነበር" አለ ዝቅ ብሎ።

ማሩ አዘነለት፤ "ተቀመጥ እስኪ" አለው። አመለወርቅም ለአንድ አፍታ ልቧ ሊራራ ቃጥቶት ነበር። የገበሬ እጅ ይዞ ወረቀት የከለከለው የዲጂታል ሰባኪ፣ ወረቀቱም ዲጂታሉም ሳይደርሰው በብርድ የሚንቀጠቀጥ የሰው አሽከር ነበር ለካ። ቢሆንም ራሱ የተራበ ሰው የሚሰርቀው ከእሱ የባሰውን መርጦ ከሆነ ርኅራኄው ይበዛበታል አለችና ብሩን አነሣችው።

"አመለወርቅ" አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ። "ግጥሙን ይመልሱልኝ። ሌላ ግጥም ያውጡልኝ። ሰው ፊት መቆም አልቻልኩም። እባክዎ።"

"እርስዎ" አላት። እሷም ሰማችው።

"ሂደት ላይ ነው" አለችው።

ቆሞ ጠበቃት። እሷ እሳት ላይ ወዳለው ሽሮዋ ዞረች። ወጣ፤ ከትንሣኤ በፊትም ወደ ሌላ ዞን ተዛወረ ተባለ። ማሩ "ጨከንሽ" አላት። "አዎ" አለችው፤ ሽሮዋን ማማሰሏን ቀጠለች።

ሰው ሁሉ አመለወርቅ ከዚህ በኋላ የስልክ ብር የሚባል አትነካም ብሎ ነበር። እሷ ግን በዳግማ ትንሣኤ ሰሞን አዲሱን መታወቂያዋን አውጥታ ፋሲካ ሱቅ ሄደችና መቀበያ በራሷ ስም አስከፈተች። ፋሲካ ገርሟት "እትዬ፣ ጠልተውት አልነበር?" አለቻት።

"እኔ የጠላሁት ሰውን ነው" አለች አመለወርቅ። "እስኪ ሰው ሲልክ ምን ብሎ እንደሚመጣ አሳዪኝ።"

ፋሲካ ከራሷ ስልክ አሥር ብር ላከችላት። የአመለወርቅ ስልክ ጮኸ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ተምራለችና መልእክቱን ራሷ አነበበችው። የፋሲካ ስም፣ የአባቷ ስም፣ የአያቷ ስም፣ የብሩ ልክ እስከ ሳንቲሙ። ደግማ አነበበችው። ፊቷ ላይ ቀስ እያለ የወጣውን ፈገግታ ፋሲካ እስከ ዛሬ ታወራዋለች።

የመጀመሪያው ሰርግ ንፋስ መውጫ ላይ ነበር። የከተማው ሕንፃ ሠሪ አቶ ደሳለኝ፣ አዲስ ሱፍ ለብሰው፣ መሀል ዳስ ላይ ስልካቸውን ከፍ አድርገው "ልኬያለሁ!" አሉ። ድሮ ጨዋታው እዚህ ላይ ይቀጥል ነበር። አመለወርቅ ግን እጇን አነሣችና ማሩ ዝም አለ። ከጉያዋ ስልኳን አወጣች። ዳሱ ምን ልትል ነው ብሎ አንገቱን አሰገገ። እሷም ቄስ ወንጌል እንደሚያነብ፣ ቃሉን እየለየች፣ በዜማ አነበበችው፦ የሰውየውን ስም፣ የአባታቸውን ስም፣ የአያታቸውን ስም፣ ቀጥሎ "አምስት ብር ከዜሮ ዜሮ።"

ከሴቶቹ በኩል አንዷ ሳቋ አመለጣት፤ ከዚያ ዳሱ ተንኮታኮተ። አቶ ደሳለኝ "ስህተት ነው፣ ጣቴ ነው!" እያሉ ስልካቸውን ይደቁሱ ጀመር። የአመለወርቅ ስልክ እንደገና ጮኸ። እንደገና አነበበችው፤ አሁን አምስት መቶ ነበር። የአያታቸውን ስም ግን ሳትጠራ አላለፈችውም፤ እኚያ ሽማግሌ በሕይወት ሳሉ ደግ ሰው ነበሩና የልጅ ልጃቸውን ይዩት ብላ። ማሩ ማሲንቆውን አነሣ፤ አዲሱ ቆዳ እንደ ደወል ጠራ። ያን ቀን ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ስልኩን ከማንሣቱ በፊት አሰበ።

ከዚያ በኋላ የሚጠራት ሰው ቀነሰ። በአደባባይ መነበብ የፈራ ባለጠጋ የባሕር ዳር ሙዚቀኛ ከነኪቦርዱ ያስመጣ ጀመር። ደኻው ግን አብዝቶ ጠራት፤ አሥር ብሩ በአባቱና በአያቱ ስም ሲነበብለት ደረቱ ይነፋልና። ለደኻው ስታነብ ድምፅዋ ይለያል ይላሉ።

ዘንድሮ በጥር አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ልጃቸውን ሲድሩ ሊያናግሯት ወደ ቤቷ መጡ። ዋጋ ከተነጋገሩ በኋላ ሳል ሳል አሉና "እንግዶቹ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ እትዬ አመለወርቅ። ስልኩን እንኳ ባያነቡት?" አሏት።

"ለዘፈኑ የተነጋገርነው ነው" አለቻቸው። "ለዝምታው እጥፍ ነው።"

ኃላፊው ግራ ቀኝ አዩ። ማሩ ጣራ ጣራውን ያያል። ከደረት ኪሳቸው አውጥተው፣ ሳይከራከሩ ከፈሉ። አመለወርቅ ተቀብላ መቀነቷ ውስጥ አሰረችና፣ ዝምታው የተሸጠው ለስልኩ እንጂ ለግጥሙ አይደለምና፣ ከእንግዶቹ መካከል እነማን እንዳሉበት፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ አንድ በአንድ ትጠይቃቸው ጀመር።